ኦፕቲቡት፦ በ512 ባይት ውስጥ የሚኖር ቡት ሎደር፣ በእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ላይ ተፈትኖ

የዚህ ግምገማ ጉዳይ ኦፕቲቡት የተባለው ነፃ ቡት ሎደር ነው። በኤቲሜጋ 328ፒ ቺፕ የተሠራውን አርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ የገዛ ሰው ሁሉ ስሙን ባያውቀውም ይገለገልበታል፤ ቦርዱ ሪሴት ሲደረግ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው፣ ከኮምፒውተር በዩኤስቢ ገመድ የሚላከውን አዲስ ፕሮግራም የሚቀበለውና በቺፑ ፍላሽ (ፕሮግራሙ በሚቀመጥበት ቋሚ ማህደር) ላይ የሚጽፈው እርሱ ነውና። ፒተር ናይት የጀመረው፣ ከዚያም ቢል ዌስትፊልድ ለዓመታት ሲንከባከበው የኖረ ሥራ ሲሆን ሶርስ ኮዱ በጂፒኤል ፈቃድ ለማንም ክፍት ነው። እኔ የተዋወቅሁት ዝናውን ሰምቼ አይደለም፤ ቦታ አልቆብኝ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ለዶሮ አርቢዎች የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን መቆጣጠሪያ እሠራለሁ። ሣጥኑን አናጺ ይሠራዋል፤ ማሞቂያውን፣ ማራገቢያውንና እንቁላል የሚያገላብጠውን ሞተር የሚያዝዘው ግን አንድ አርዱዊኖ ናኖ ነው። በናኖው ላይ ያለው ኤቲሜጋ 328ፒ የተባለው ቺፕ 32 ኪሎ ባይት ፍላሽና 2 ኪሎ ባይት ራም አለው። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን በ37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት ስላለበትና የደሴ ብርድ ከኮምቦልቻ ሙቀት ጋር ጨርሶ ስለማይመሳሰል፣ ፕሮግራሙ ከቦታ ቦታ ማስተካከያ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ማሽኑ ከተሸጠ በኋላም ፕሮግራሙን እየሄድኩ የማድስበት ጊዜ ብዙ ነው። ቡት ሎደር ለእኔ የሚያስፈልገኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ቦታውን የበላብኝ ፊደላችን ነው፤ ይህን ስናገር ቅሬታ የለኝም። ደንበኞቼ ከሐይቅ፣ ከከሚሴና ከባቲ የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ «ሂዩሚዲቲ» ተብሎ ከሚጻፍላቸው ይልቅ «እርጥበት» ተብሎ ቢጻፍላቸው ያነቡታል። በትንሿ ስክሪን ላይ አንድ ፊደል በ16 በ16 ነጥብ ሲሣል 32 ባይት ይፈጃል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ስለሚሆኑ ገበታው በሙሉ 7,392 ባይት ይወስዳል ማለት ነው፤ ይህም ከፍላሹ ከአምስት እጅ አንዱን ይበልጣል። እኔ በመልእክቶቼ ውስጥ የሚገኙትን 60 ፊደላት ብቻ ለቅሜ 1,920 ባይት ላይ አቆምኩት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ለመለወጥ ስፈልግ ቃሉ የሚጻፍበት ፊደል ከስድሳዎቹ መካከል መኖሩን አስቀድሜ መፈተሽ ልማዴ ሆነ፤ «ቀዝቅዟል» ብዬ መጻፍ ፈልጌ «ዟ» ስለሌለኝ «ሙቀት ቀንሷል» ያልኩበት ጊዜ አለ፤ «ሷ»ን በሌላ መልእክት ውስጥ አግኝቻት ነበርና።

ሌላውን ቁጠባ በፕሮግራሙ ላይ አስቀድሜ ጨርሼ ነበር። ሙቀቱን በነጥብ ቁጥር መያዜን ትቼ 37.5ን 375 ብዬ በሙሉ ቁጥር አስቀመጥኩት፤ ይህ ቺፕ የነጥብ ቁጥር የሚያሰላበት ሃርድዌር ስለሌለው አንዲት ማካፈል እንኳ የሶፍትዌር ላይብረሪ ጎትታ ታስገባለች። ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተጠቀምኩበትን ፕሪንትኤፍም አስወጥቼ በራሴ አጭር ፈንክሽን ስተካው ከአንድ ኪሎ ባይት በላይ ተመለሰልኝ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ፕሮግራሙ 31,010 ባይት ላይ ቆመ፤ የናኖው ልክ ደግሞ 30,720 ነበር። የ290 ባይት ዕዳ ቀረብኝ።

ልኩ 30,720 የሆነበት ምክንያት በቦርዶቼ ላይ የነበረው አሮጌው ቡት ሎደር 2,048 ባይት ይዞ ስለሚቀመጥ ነው። ኤቲሜጋ 328ፒ ለቡት ሎደር የሚለየው ቦታ በፊውዝ፣ ማለትም በቺፑ የቅንብር ባይቶች፣ የሚመረጥ ሲሆን ምርጫው አራት ብቻ ነው፤ 512፣ 1,024፣ 2,048 ወይም 4,096 ባይት። ኦፕቲቡት የመጨረሻዋን ጠባብ ክፍል መርጦ በ512 ባይት ውስጥ ስለገባ ለፕሮግራሙ 32,256 ባይት ይተርፋል። 1,536 ባይት ያለ አንዳች ክፍያ ማግኘት ማለት ነው፤ በእኔ ስሌት 48 ፊደል።

ለመትከል ያየሁት ጣጣ አንድ ብቻ ነው። ቡት ሎደርን በራሱ በቡት ሎደሩ መተካት ስለማይቻል ዩኤስቢኤኤስፒ የተባለውን ፕሮግራመር በናኖው ስድስት እግር ሶኬት ላይ መሰካት ያስፈልጋል፤ ሌላ አርዱዊኖ ካለ እርሱም ይህን ሥራ ይሠራል። ከዚያ ቦርዱን «ኡኖ» ብሎ መርጦ ቡት ሎደሩን ማቃጠል ብቻ ይቀራል። ይሁን እንጂ ሄክስ ፋይሉን (የቡት ሎደሩን ኮድ) ብቻ ጽፎ ፊውዙን መርሳት አደገኛ ነው፤ እኔ በመጀመሪያው ቦርድ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ከፍተኛው የፊውዝ ባይት ለአሮጌው 2,048 በአስራ ስድስታዊ አጻጻፍ «ዲኤ» ሲሆን ለ512 «ዲኢ» መሆን አለበት። ካልተለወጠ ቺፑ ሲነሣ የሚዘልለው ወደ አሮጌው መነሻ፣ ወደ 30,720ኛው ባይት ነው። ፕሮግራሙ አጭር ከሆነ በዚያ ያለው ባዶ ፍላሽ ስለሆነ አንጎሉ በባዶዎቹ ላይ እየተንሸራተተ 32,256 ድረስ ይደርስና ቡት ሎደሩን ያገኘዋል፤ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል። ፕሮግራሙ ከ30,720 ባለፈ ዕለት ግን ቺፑ የሚነሣው ከፕሮግራሙ መካከል፣ ምናልባትም ከአንድ ፊደል ሥዕል ላይ ይሆናል። ለሙከራ የጫንኩት ትንሽ ፕሮግራም ለሦስት ቀን ያለ እንከን ሠርቶ፣ ዋናውን ስጭን ቦርዱ ድምፁን ሲያጠፋ ጥፋቱን በገመዱ፣ ዩኤስቢውን በሚያገናኘው ሲኤች 340 ቺፕና በቦርዱ አምራች ላይ አላክኬ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም ይህ ሁሉ ሥራ በ512 ባይት ውስጥ እንዴት እንደገባ ልሻገር። በዚህ ቺፕ ላይ አብዛኛው ትእዛዝ 2 ባይት ስለሆነ 512 ባይት ቢበዛ 256 ትእዛዝ ነው። ከዚያም ላይ ኦፕቲቡት የመጨረሻዎቹን 2 ባይቶች ለራሱ የቨርዥን ቁጥር ስለሚይዛቸው በእውነት የሚሠራበት 510 ባይት ነው። ተራ የሲ ፕሮግራም ገና ሥራ ሳይጀምር የሚፈጀውን ብንቆጥር፣ የኢንተራፕት (ሥራን አቋርጦ የሚገባ የሃርድዌር ጥሪ) ሠንጠረዡ 26 መግቢያ በአራት አራት ባይት 104 ባይት ይወስዳል። የመነሻ ዋጋ ያላቸውን ግሎባል ተለዋዋጮች ወደ ራም የሚገለብጠውና የሌሎቹን ቦታ ዜሮ የሚያደርገው መነሻ ኮድ ሁለቱ በአንድነት ወደ 40 ባይት ይደርሳሉ። እንግዲህ ባለቤቱ አንዲት መስመር ሳይጽፍ ከሩብ በላይ የሆነው ቦታ አልቋል። ኦፕቲቡት ኢንተራፕት ጨርሶ አይጠቀምም፤ ሠንጠረዡም አይኖርም። ግሎባል ተለዋዋጭ ስለሌለው የሚገለብጥም የሚያጠራም ኮድ አያስፈልገውም። የኮምፓይለሩን (የሲን ጽሑፍ ወደ ቺፑ ትእዛዝ የሚለውጠውን ፕሮግራም) መደበኛ መነሻ ፋይል በሙሉ ትቶ፣ ከዚያ ፋይል ሥራዎች በእርግጥ የምታስፈልገውን አንዲቱን ብቻ፣ ኮምፓይለሩ ሁልጊዜ ዜሮ ነው ብሎ የሚተማመንበትን ሬጅስተር 1 (ሬጅስተር በአንጎሉ ውስጥ ያለች የአንድ ባይት ማስቀመጫ ናት) ዜሮ ማድረግን፣ በአንዲት ባለ 2 ባይት ትእዛዝ ራሱ ይፈጽማታል። የዋናው ፈንክሽን አሠራርም እንዲሁ ነው። ተራ ፈንክሽን ሲገባ የሚጠቀምባቸውን ሬጅስተሮች ያስቀምጣል፣ ሲወጣ ይመልሳል፤ ለእያንዳንዱ ሬጅስተር 4 ባይት ይከፈላል። ቡት ሎደር ግን ወደ ጠራው የሚመለስበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ለማን ያስቀምጣል?

አንዲት ቁራጭ ቀርቦ መመልከት ይበጃል። ከገመዱ አንድ ባይት መቀበል የሚባለው ሥራ አራት ትእዛዝ ነው፤ ሁኔታውን አንብብ፣ ደርሶ እንደሆነ ፈትሽ፣ ካልደረሰ ተመለስ፣ ከደረሰ ባይቱን አንሣ። የሲሪያል ሬጅስተሮቹ በዚህ ቺፕ ላይ ከአጭሩ አድራሻ ውጭ ስለሚገኙ እያንዳንዱ ንባብ 2 ሳይሆን 4 ባይት ይፈጃል፤ ድምሩ 4 ሲደመር 2፣ ሲደመር 2፣ ሲደመር 4፣ 12 ባይት ነው። ኮምፓይለሩ «ትንሽ ፈንክሽን ናት» ብሎ በተጠራችበት ሁሉ ቢገለብጣት ስምንት ጥሪ 96 ባይት ይሆናል። በአንድ ቦታ ተቀምጣ ብትጠራ ግን 12 ባይት፣ ለመመለሻው 2፣ ለስምንቱ አጭር ጥሪ 16፣ በድምሩ 30 ባይት ይበቃታል። የ66 ባይት ልዩነት ከጠቅላላው ቦታ ከስምንት እጅ አንዱን ይበልጣል። ኦፕቲቡት ኮምፓይለሩን ጂሲሲን እንዲህ ያሉ ትናንሽ ፈንክሽኖችን በየቦታው እንዳይገለብጥ የሚከለክለው ለዚህ ነው። ለፍጥነት የሚያስብ ሰው ተቃራኒውን ይሻል፤ እዚህ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው ገመዱ ስለሆነ አንጎሉ ቢቸኩል የሚያተርፈው ነገር የለም።

ስለ ኮምፓይለር አማራጮች ብዙ ይወራል፤ እኔ አጭር አደርገዋለሁ። «ኦኤስ» የሚባለው የመጠን ማጥበቢያ ግዴታ ነው። ሊንከሩ (የተተረጎሙትን የኮድ ክፍሎች የሚያገጣጥመው ፕሮግራም) ረጃጅሙን ባለ 4 ባይት ጥሪና ዝላይ በሚቻልበት ሁሉ ወደ ባለ 2 ባይት እንዲያሳጥር የሚያዝዘው «ሪላክስ» በትንሽ ቦታ ውስጥ ሁልጊዜ ይሠራል፤ አጭሩ ጥሪ ወደፊትም ወደ ኋላም 4 ኪሎ ባይት ስለሚደርስ ከ512 ባይት የሚያመልጠው የለምና። ያልተጠሩ ፈንክሽኖችን እየለየ የሚጥለው «ጂሲ ሴክሽንስ» ለዋናው ፕሮግራም፣ በተለይ የሰው ላይብረሪ ለሚጠቀም፣ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ለኦፕቲቡት ግን ከመጀመሪያውም የማይጠራ ነገር ስላልተጻፈ የሚጥለው የለም። ከዚህ ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ መለካት ነው። የዲስአሴምብሊ ዝርዝሩን (የቺፑን ትእዛዞች በየመስመሩ የሚያሳየውን) በወረቀት አትሜ በእስክሪብቶ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ባይቱን እየጻፍኩ ስቆጥር፣ ባለ 16 ቢት ቆጣሪ የያዝኩበትን ቦታ ሁሉ አየሁት፤ ባለ 8 ቢት ቺፕ ላይ «ኢንት» ብሎ መጻፍ እያንዳንዱን መደመርና ማነጻጸር እጥፍ ያደርገዋል።

ነገር ግን የኦፕቲቡት ዋናው ቁጠባ ያለው በአማራጮቹ ውስጥ አይደለም፤ ላለማድረግ በወሰናቸው ሥራዎች ውስጥ ነው። ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ኤስቲኬ 500 የተባለ የመነጋገሪያ ሥርዓት ብዙ ትእዛዞች አሉት፤ ኦፕቲቡት የሚያውቀው ጥቂቱን ብቻ ሲሆን የማያውቀውን «እሺ» ብሎ ያልፈዋል። ኢኢፕሮም (ፕሮግራሙ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት ትንሽ ቋሚ ማህደር) ላይ መጻፍ በመደበኛው ግንባታ የለም። ለመጠበቂያ ጊዜ ቆጣሪ አይጽፍም፤ ዋችዶጉን (በጊዜው ካልታደሰ ቺፑን ሪሴት የሚያደርገውን የሃርድዌር ሰዓት) በአንድ ሴኮንድ ይሞላና መልእክት ካልመጣ ዋችዶጉ ራሱ ሪሴት ያደርገዋል፤ ሲነሣ «የተነሣሁት በዋችዶግ ነው» ብሎ ያይና ወደ ፕሮግራሙ ይዘልላል። አንድ ሃርድዌር የሁለት ኮድ ሥራ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር እናቴ በአንድ ምጣድ እንጀራም ቂጣም ቆሎም የምታወጣበት ጊዜ ትዝ ይለኛል።

ከእነዚህ ያልተደረጉ ነገሮች አንዱ ግን እዚህ አገር፣ መብራት በሚመላለስበት ቦታ፣ ዋጋ ያስከፍላል። ኦፕቲቡት በፍላሹ ላይ የተጻፈው ፕሮግራም ሙሉ መሆኑን አይፈትሽም። ፍላሹ በ128 ባይት ገጽ እየተሰረዘ የሚጻፍ ስለሆነ፣ እድሳቱ መካከል ላይ ቢቋረጥ የታችኛው ግማሽ አዲስ፣ የላይኛው ግማሽ አሮጌ የሆነ ፕሮግራም ይቀራል፤ ኃይል ሲመለስም ቡት ሎደሩ ምንም ሳይጠይቅ ወደዚያ ድብልቅ ይዘልላል።

ይህ የደረሰብኝ ሐይቅ አጠገብ ካሉ አንዲት እናት ቤት ነው። እንቁላሉ ከገባ 12ኛው ቀን ነበር። ቡናው ተፈልቶ አቦሉ ቀርቦልኝ ሳለ «ልጄ፣ መጀመሪያ ጀባ ልበልህ፤ ማሽኑ የትም አይሄድም» ብለውኝ ነበር፤ «ደቂቃ አይፈጅም እትዬ፣ ጨርሼ እጠጣለሁ» አልኩ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ከማሽኑ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ሰክቼዋለሁ። እድሳቱ ሲጀመር መብራት ጠፋ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ላፕቶፑ ገና እየተነሣ ሳለ ማሽኑ ቀድሞ ነቃ፤ ስክሪኑ ባዶ ነው፣ የማሞቂያው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው ማብሪያ ማጥፊያ) ግን «ቀጭ» ብሎ ተያይዟል። ግማሽ አዲስ ግማሽ አሮጌው ፕሮግራም ማሞቂያውን ከፍቶ የሙቀት መለኪያውን ረስቶታል ማለት ነው። «ይሄ ቴርሞሜትር አርባን አለፈ እኮ» ያሉኝ እርሳቸው ናቸው፤ እኔ ላፕቶፑ ላይ ነበርኩ። ሶኬቱን ነቅዬ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ ከእርሳቸው ጋር በሰፌድ አራገብን። ቡናውን የጠጣሁት ሦስተኛው በረካ ላይ ደርሶ ነው፤ ያ ዕለት ያስተማረኝን ያህል መመሪያ ገጽ አላስተማረኝም።

መፍትሔው በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። ፕሮግራሙን ኮምፒውተር ላይ ሳዘጋጅ የፍላሹን ባለ 16 ቢት ቃላት በሙሉ የሚደምር ትንሽ ስክሪፕት ድምሩን ዜሮ የሚያደርገውን ቁጥር በመጨረሻዎቹ 2 ባይቶች ላይ ያስቀምጣል፤ ቡት ሎደሩ ወደ ፕሮግራሙ ከመዝለሉ በፊት ይደምራል፤ ዜሮ ካልመጣ አይዘልልም። ድምር ደካማ መፈተሻ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሁለት ቃላት ቦታ ቢለዋወጡ አያውቅም፤ ሲአርሲ የተባለው ጠንካራ መፈተሻ ይሻል ነበር። ነገር ግን እኔ የምፈራው የተቋረጠ እድሳትን ነው፤ ለዚያ ድምሩ ይበቃል፣ ሲአርሲ ደግሞ ተጨማሪ ባይት ይጠይቃል።

ችግሩ ቦታው ነው። በእኔ ኮምፓይለር ኦፕቲቡት 500 ባይት ላይ ሲያርፍ ከ510 ላይ የቀረኝ 10 ነበር። ድምሩን በሲ ስጽፈው በብዙ አለፈ፤ ሊንከሩም የቨርዥኑ ቁጥር ከኮዱ ጋር ተደራርቧል ብሎ አቆመኝ። ስለዚህ በአሴምብሊ፣ ማለትም የቺፑን ትእዛዝ አንድ በአንድ ራሴ እየመረጥኩ፣ ጻፍኩት፤ አድራሻውንና ድምሩን ዜሮ የሚያደርጉ አራት ትእዛዞች፣ ሁለት የፍላሽ ንባብ፣ ሁለት መደመር፣ አንድ ማነጻጸር፣ አንድ መመለሻ፣ በመጨረሻም ሁለት ለፍርዱ፤ 12 ትእዛዝ፣ 24 ባይት። እዚህ ላይ አንድ ዕድል ረዳኝ። 32,256 በትክክል 126 ጊዜ 256 ስለሆነ መጨረሻው መድረሱን ለማወቅ የአድራሻውን ላይኛ ባይት ከ126 ጋር ማነጻጸር ብቻ ይበቃል፤ ታችኛውን ማየት አያስፈልግም፤ ባለ 2 ባይት ትእዛዝ ተረፈ። ዙሩ አንድ ጊዜ ለመዞር 11 የሰዓት ምት ስለሚፈጅና 16,128 ጊዜ ስለሚዞር በ16 ሜጋኸርዝ 11 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይጨርሳል፤ ማንም አያስተውለውም።

የጎደለውን ቦታ ያገኘሁት ከመብራቷ ላይ ነው። ኦፕቲቡት ሲነሣ በቦርዱ ላይ ያለችውን መብራት ጥቂት ጊዜ ብልጭ ያደርጋል፤ ለዚህም ታይመር ያዘጋጃል፣ ዙር ይዞራል፣ የታይመሩ ሬጅስተሮችም ባለ 4 ባይት መጻፊያ ይፈልጋሉ። በሜክፋይሉ (የግንባታው ቅንብር በሚጻፍበት ፋይል) የብልጭታውን ቁጥር ዜሮ ማድረግ ይቻላል፤ አደረግሁ፤ ኮዱ ሁሉ ወጣና ድምሬ ከነፍሱ ገባ። በዚህ አልተደሰትኩም። ያቺ ብልጭታ በገጠር፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ «ቺፑ በሕይወት አለ» የምትል ብቸኛ ምልክቴ ነበረች፤ አሁን የሞተውንና ዝም ያለውን የምለይበት የለኝም። ገንቢዎቹ ይህን አማራጭ በግልጽ ከፍተው መተዋቸው ግን ያስመሰግናቸዋል፤ የትኛው ነገር እንደሚወጣ እኔ እንድመርጥ አድርገዋል።

የራሴን ስሕተትም ላንሣ። በመጀመሪያ ድምሩን በሲ የሞከርኩ ጊዜ፣ ለቦታው ስል የፈተሻውን መስመር ከሁሉ በላይ፣ ሬጅስተር 1ን ዜሮ ከምታደርገው ትእዛዝ በፊት አስቀመጥኩት። ኮምፓይለሩ አንድ ባይት ወደ 16 ቢት ድምር ሲጨምር ላይኛውን ክፍል የሚደምረው ከሬጅስተር 1 ጋር ነው፤ ዜሮ ነው ብሎ ያምናልና። ሶኬቱን ስሰካው ይሠራል፤ ዋችዶጉ ሪሴት ሲያደርገው አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም። ሪሴት ሬጅስተሮችን እንደማያጠራ፣ ማባዛትም ውጤቱን በሬጅስተር 0 እና 1 ላይ እንደሚተው እያወቅሁ ሁለት ሌሊት የኃይል ምንጩን ስጠረጥር አደርኩ። መነሻ ፋይሉን ጥሎ 40 ባይት የቆጠበ ሰው ያ ፋይል ዝም ብሎ ሲሠራለት የነበረውን ሁሉ በራሱ ኃላፊነት እንደ ተረከበ ማወቅ አለበት፤ የኦፕቲቡት ኮድ አስተያየቶች ይህን በየቦታው ጽፈውታል፤ አላነበብኩም እንጂ።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው። በሌላ ላፕቶፕ ላይ ያለው የጂሲሲ ቨርዥን ያንኑ ሶርስ ኮድ በተለየ መጠን አወጣልኝ፤ ጥቂት ባይት ብቻ በሚተርፍበት ቦታ ይህ ሥራ ያስቆማል። የሠራልኝን የኮምፓይለር ቨርዥን ከሶርስ ኮዱ ጋር አብሬ ማስቀመጥ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ኮዱም ስለ ብዙ ዓይነት ቺፕ በሚናገሩ ሁኔታዊ መስመሮች የተሞላ ስለሆነ ለጀማሪ ዓይን ያታክታል፤ ለእኔ ቺፕ የሚመለከተውን ብቻ ለማየት ፕሪፕሮሰሰሩን አስሮጬ ውጤቱን ማንበብ ግድ ሆኖብኛል። በገመዱ የመላኪያ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከአሮጌው 57,600 ቢት ወደ 115,200 ማደጉ መልካም ነው፤ ሆኖም ባለ 16 ሜጋኸርዝ ሰዓት 115,200ን በትክክል ማውጣት ስለማይችል 2.1 በመቶ ያህል ይዛነፋል፤ ለ57,600 ግን ዝንፈቱ 0.8 በመቶ ብቻ ነበር። በአጭር ገመድ ችግር አላየሁበትም፤ ረጅምና ያረጀ ገመድ የያዘ ሰው ግን ፍጥነቱን በሜክፋይሉ ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ ይህ ምንም ተጨማሪ ባይት አይጠይቅም።

ናኖ ገዝቶ መብራት ብቻ የሚያበራ ተማሪ ይህን ሁሉ አያስፈልገውም፤ ቦርዱን እንዳለ ይጠቀም። ፕሮግራሙ ከ30,720 ባይት ያለፈበት ሰው ግን ቺፕ ለመቀየር ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ኦፕቲቡትን በትክክለኛው ፊውዝ ይትከል። ፕሮግራሙ ሙቀት፣ ሞተር ወይም ውሃ የሚያዝዝ ከሆነ ደግሞ የድምር ፈተሻውን ይጨምርበት፤ ማሞቂያው ፕሮግራም በሌለበት ጊዜ ጠፍቶ እንዲቆይ በሪሌው መቆጣጠሪያ መስመር ላይ ሪሌው ወደሚጠፋበት በኩል የሚጎትት ሬዚስተር (ሪሌው በከፍተኛ ምልክት የሚበራ ከሆነ ወደ መሬት) መኖሩንም ያረጋግጥ፤ ቺፑ በቡት ሎደር ውስጥ ሲቆይ እግሮቹን ማንም አይነዳቸውምና።

ወደ ሐይቅ የተመለስኩት እንቁላሎቹ ተፈልፍለው ማሽኑ ባዶ በሆነበት ሳምንት ነው። ቦርዱን በአዲሱ ቀየርኩት፤ እድሳቱን ጀምሬ መካከል ላይ ማከፋፈያውን ራሴ ነቀልኩት፤ መልሼ ሰካሁት። ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ሪሌው ድምፅ አላሰማም። ዋችዶጉ በየሴኮንዱ ቺፑን እያስነሣ ሲያስደምረው፣ ድምሩም እምቢ ሲል፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ንቅንቅ ሳይል አሥር ደቂቃ ቆየን። ላፕቶፑ ሲነሣ ፕሮግራሙን እንደገና ጫንኩት፤ «ሙቀት ቀንሷል» የሚለው ጽሑፍ ወጣ። እትዬ በዚህ ጊዜ ሲኒውን አስቀድመው አስይዘውኝ ነበር።